የእማዬ የሁለት ሰዓት መድኃኒት

ቁጡ መሆኔን ሰፈራችን ውስጥ የማያውቅ ካለ አዲስ የገባ ተከራይ ነው። በር አልከፈት ሲለኝ በሩን የምሰድብ፣ ስልኬ ሲንቀራፈፍ «ተው ግን ተው!» እያልኩ የማስጠነቅቅ ሰው ነኝ። እናቴ «አንች ልጅ፣ ከግድግዳ ጋር ብታድሪም ተጣልተሽ ነው የምትነጊው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ በዚያ ሳምንት ለደረሰብኝ ነገር ቁጣዬም የራሱ ድርሻ ስለነበረው ነው።

እማዬ ይጁቤ አጠገብ ካለ መንደር ናት፤ ስታርም፣ ስታጭድ፣ ላም ስታልብ የኖረች ሴት። ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ ሲሰንፍ፣ ደብረ ማርቆስ የተከራየሁት ሁለት ክፍል ቤት አመጣኋት። በሳምንት ሁለት ቀን በባጃጅ ሆስፒታል እወስዳታለሁ፤ እዚያ ሰውነቷን ያንቀሳቅሱላታል። በከዘራ ከአልጋዋ እስከ ደጃፉ መራመድ ጀምራ ነበር። በዚህ መሀል ነው እኔ የምሠራበት ፕሮጀክት የተዘጋው።

አዲስ አበባ ሥራ አላጣሁም። ግን እዚያ ከሄድኩ እማዬን ደምበጫ ላለው ወንድሜ መስጠቴ ነው። ወንድሜ እግዜር ይስጠው ደግ ነው፤ ቤቱ ግን ከከተማው ርቆ ገጠር ውስጥ ነው፣ ከመኪና መንገድ እሱ ቤት የሚደረሰው በፈረስ ነው። ግማሽ ጎኗ የማይታዘዛት ሴት በሳምንት ሁለት ቀን ፈረስ ላይ ወጥታ ሕክምና ልትሄድ ነው? ሕክምናው ቀረ ማለት ነው፤ መራመዱም አብሮ። የቀረኝ ተስፋ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ነበር። «ካለሽበት ሆነሽ መሥራት ትችያለሽ፤ መጀመሪያ ግን ሥራሽን አሳዪን» አሉኝ። ሰኞ ፈተናውን ላኩልኝ፤ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት በቪዲዮ ላሳይ ተቀጠርኩ።

ፈተናው ይህ ነው። ፕሮግራም ዛሬ ከነስንቁ ታሽጎ ነው የሚላከው፤ እሽጉን ኮንቴይነር ይሉታል። እሽጎቹ ሲበዙ በየማሽኑ የሚደለድላቸው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላ የሚተካ አለቃ ያስፈልጋቸዋል። እኔም አንድ አለቃ ማሽንና አንድ ሠራተኛ ማሽን አስተዋውቄ፣ ትንሽ ፕሮግራም አስነስቼባቸው ማሳየት ነበረብኝ። ሁለቱም ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉት ናቸው፣ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚፈጠሩ ሌሎች ኮምፒውተሮች። አለቃውን ላፕቶፔ ውስጥ ፈጠርኩት፣ ሠራተኛውን አንዲት አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ። ሁለቱን በገመድ አገናኘኋቸው።

እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ወንፈል ነዋ!» አለች። «አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመጣል፣ አንተ በዚህ እጨድ፣ አንተ በዚያ ይባላል። ታዲያ ምኑ ነው ያስቸገረሽ?»

«የተጠራው አልመጣም ብሎኝ ነዋ፣ እማዬ!»

አልመጣም። ሠራተኛው ሊመዘገብ ሲሄድ መጀመሪያ የአለቃውን ሰርተፍኬት ያያል፤ እንደ መታወቂያ ማለት ነው። አየና አልቀበልም አለ። ስክሪኑ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ወጣ፤ ሰርተፍኬቱ ወይ ጊዜው አልፏል፣ ወይ ጊዜው ገና አልደረሰም የሚል። መጨረሻው ላይ የቁጥር ጋጋታ አለ። ማን እሱን ያነባል! አሁን የፈጠርኩት ሰርተፍኬት በምን ተአምር ጊዜው ያልፍበታል?

ሰዓቱን ግን አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። የዴስክቶፗ የሰዓት ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ በጠፋች ቁጥር ቀኑም ሰዓቱም ይጠፋባታል። ዋይፋይ ስለሌላት ከኢንተርኔት ወስዳ ራሷ አታስተካክልም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ስከፍታት ቀና ብዬ የግድግዳ ሰዓታችንን አይና በእጄ እሞላላታለሁ። ማክሰኞ ስፈትሽ ዴስክቶፗ ሦስት ሰዓት ከአርባ ትላለች፤ ግድግዳው ሦስት ሰዓት ከአርባ ይላል። ላፕቶፑንም አየሁት፤ ልክ ነው። «ሰዓትስ አይደለም» ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። ገመዱን ቀየርኩ። የኔትወርኩን ዘበኛ፣ ፋየርዎሉን፣ አጠፋሁ። የሁለቱን ማሽን የሶፍትዌር ስሪት አመሳሰልኩ። መንደርተኛው ሁሉ ሲጨቃጨቅ ሌባው ቁጭ ብሎ እንደሚያይ፣ ሰዓቱ ከፊቴ ቁጭ ብሎ ያየኛል። አልሠራ ባለ ቁጥር ደግሞ ደሜ ይፈላና አለቃውንም ሠራተኛውንም ጠራርጌ አጥፍቼ ከሥሩ እንደገና እጀምራለሁ። ማክሰኞ አራት ጊዜ አፈረስኩ። ረቡዕ ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጠራውን ተውኩት። እማዬ ከአልጋዋ ታየኛለች።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ። «ነገርን ከሥሩ እኮ ነው፣ ልጄ። እስኪ ትንሽ ተይው፤ ይረፍ፣ አንችም እረፊ።»

ያኔ ነው ምላሴ ያመለጠኝ። «እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ይኼን ጊዜ አዲስ አበባ ሥራዬ ላይ ነበርኩ!» አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ መመለሻ ግን የለውም። እማዬ አልተቆጣችም። «እሱስ እውነት ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ተነሥቼ ፋርማሲ ሄድኩ። መድኃኒቷ አልቆ ነበር፤ አዲሱን ካርቶን ይዤ ተመለስኩ፣ ራት አቀረብኩ፣ በልተን ተኛን።

ሐሙስ ገና አንድ ሰዓት ሲል ተነሣሁ። ዴስክቶፗን ከፈትኩ፣ ግድግዳውን አይቼ ሰዓቷን ሞላሁ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ተከልኩ። ያው ነው። ያቺው ዓረፍተ ነገር መጣች። ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ይዤ እንደተቀመጥኩ እማዬ ከውስጥ ተጣራች።

«ሁለት ሰዓት ሆነ እኮ! መድኃኒቴን ስጭኝ።»

ካርቶኑን አነሣሁት። ፋርማሲው ውስጥ በእስክሪብቶ ጠዋት ስምንት፣ ማታ ስምንት ተብሎ ተጽፎበታል። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው፤ ዝም ብዬ ያየሁትን አነበብኩላት። «ቆይ እማዬ፣ ገና ነው፤ ስምንት ሰዓት ነው የሚለው» አልኳት።

ሳቀች። ትናንት እንደዚያ የተናገርኳት እናቴ፣ በማርያም፣ ከልቧ ሳቀች። «ጠዋት ስምንት ሰዓት የት አለ፣ አንች? የሐኪም ስምንት የኛ ሁለት ነው! ምነው፣ ኮምፒውተር ስታክሚ የራስሽ ራስ ዞረ እንዴ?»

መድኃኒቱን በእጄ እንደያዝኩ ወደ ማሽኖቹ ዞርኩ። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፦ ሁለት ከአምስት። ዴስክቶፗን አየሁ፦ ሁለት ከአምስት። ላፕቶፑን አየሁ፦ ስምንት ከአምስት!

አበስኩ ገበርኩ! ላፕቶፑ ከኢንተርኔት የሚወስደው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ለዴስክቶፗ ግን እኔ በየጠዋቱ የምሞላላት የሐበሻውን ነበር። ማክሰኞ ሳየው ላፕቶፑ ዘጠኝ ከአርባ ይል ነበር፤ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዘጠኝ ሲያይ ሦስት ብሎ ማንበብ ስለለመደ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ለማሽን ግን ሦስት ሦስት ነው፤ ሌሊቱ ገና አልነጋም። ምስኪኑ ሠራተኛ ለካ የቀረበለት መታወቂያ ከስድስት ሰዓት በኋላ ገና የሚሰጥ መታወቂያ ነው! አልቀበልም ማለቱ ሲያንሰው ነው። ይባስ ብሎ፣ አንዴ ሠርቼ ዝም ብተወው ኖሮ በስድስተኛው ሰዓት ሰርተፍኬቱ ጊዜው ደርሶለት ያለ እኔ እርዳታ ይቀበለው ነበር። እኔ ግን እየተናደድኩ ባፈረስኩ ቁጥር አዲስ ሰርተፍኬት እየወለድኩ፣ ስድስቱን ሰዓት እንደገና ከአንድ አስጀምረዋለሁ። «ትንሽ ተይው፣ ይረፍ» ያለችኝ ያልተማረችው እናቴ ናት። ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ።

መድኃኒቷን አስዋጥኳት። ከዚያ የዴስክቶፗን ሰዓት አስተካከልኩና ለመጨረሻ ጊዜ ተከልኩት። ሠራተኛው ሄደ፣ መታወቂያውን አየ፣ ተመዘገበ። «ዝግጁ» የምትለዋ ቃል ስትወጣ የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት አስወጥቷል። ሮጬ ሄጄ የእማዬን ጉልበት ሳምኩ።

«እማዬ፣ ትናንት ለተናገርኩት ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ምን ተናገርሽ?» አለች። «እኔ ምንም የሰማሁት የለም።»

ዓርብ መብራት ሳይጠፋ፣ ኔትወርክም ሳይቆረጥ አራት ሰዓት ደረሰ፤ ለዚህም ተመስገን። ፈታኙ ረጋ ያለ፣ ጠና ያለ ሰው ነው። አለቃውን አሳየሁት፣ ሠራተኛውን አሳየሁት፣ ፕሮግራሙን አስነሣሁለት።

«እስኪ አንዱን እሽግ ግደዪው» አለኝ።

ገደልኩት። አለቃው ወዲያው ሌላ አቆመ። እማዬ ከውስጠኛው ክፍል «ኧረ ምኑን ነው የሚያስገድልሽ ይኼ ሰውዬ?» ብላ ጮኸች። ሰማትና ፈገግ አለ። እኔ ከማፈሬ የተነሣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«የት ላይ ነው የቆየብሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

ኔትወርኩ ላይ ነው ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሚያምር መልስ ነው፣ ማንም አያጣራውም። ግን ሦስት ቀን የተቃጠልኩበትን ነገር መዋሸት አስጠላኝ። «ሰዓት ላይ» አልኩት። «የአንዷን ማሽን ሰዓት በሐበሻ ሞልቼው ነበር።»

ወደ ካሜራው ጠጋ አለ።

«ስንት ቀን ፈጀብሽ?»

«ሦስት ቀን።»

«እንዴት አገኘሽው ታዲያ?»

«እኔ አይደለሁም ያገኘሁት፤ እናቴ ናት። የመድኃኒቷን ሰዓት ሳሳስት አረመችኝ።»

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እኔ ሥራ ስጀምር ይኼንኑ ሠርቻለሁ» አለ። «ሳምንት ሙሉ ፈጅቶብኛል። የኔ እናት ሩቅ ናታ!» መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «በይ፣ ሰኞ ጀምሪ። እዚያው ካለሽበት።»

ይህን ሰውዬ ባነሣሁት ቁጥር ዕድሜ ይስጠው እላለሁ። ያቺ ጎታታ ዴስክቶፕም ትመስገን፤ ባትሪዋ ባይሞት ኖሮ እናቴን የማመሰግንበትን ይህን ምክንያት ከየት አገኘው ነበር?

ወደ ውስጥ ገባሁ። «እማዬ፣ ተቀበሉኝ! የትም አልሄድም። አንቺም የትም አትሄጂም።»

«ተመስገን» አለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችና በከዘራዋ ከአልጋው ሥር ጠቆመች። «እንግዲያ ያንን አውጭና ፍችልኝ። ለወንድምሽም ደውይለትና ቅዳሜ ሊወስደኝ እንዳይመጣ ንገሪው።»

ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። በቡናማ ጨርቅ የተቋጠረ ዕቃ ነው። ልብሷ፣ የጸሎት መጽሐፏና ማበጠሪያዋ ከውጭ ሲዳስሱት ይታወቃሉ። ሲጫኑት እጥፍ የሚሉ ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖችም አሉበት፤ የወንድሜ ሚስት ፋርማሲ ወስዳ እንድታሳያቸው ብላ ኖሯል።

«መቼ ነው የቋጠርሽው?»

«ረቡዕ። አንች ፋርማሲ ስትሄጅ።»

«በአንድ እጅ? እንዴት አድርገሽ?»

«በጥርሴ ሳብኩት» አለች፤ እንደ ቀላል ነገር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ልፈታው ያዝኩ። ቋጠሮው እንዳይላላ ደጋግማ አጥብቃዋለች፤ ጨርቁ ላይ የጥርሷ ምልክት አለ። እማዬ በአንድ እጇ የቋጠረችውን በሁለት እጄ ብዙ ታገልኩት፤ እንባዬ አላሳይ አለኝ።