የባለ ሁለት አፉ ግምት

ማንጠግቦሽ ይግዛው የአባቷን ጠመንጃ ለማስገመት ከወንድሟ ጋር ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ፣ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዳባት ዙሪያ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወረቀት የሚነካ ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ደመወዜ ምርቃት ነው፤ ምርቃት ደግሞ ጫማ አይገዛም። ቢሆንም ውርስ ሲካፈሉ ማየት ስለምወድ እሄዳለሁ። ሰው በሠርግም በለቅሶም አመሉን ይደብቃል፤ ውርስ ላይ ግን መደበቂያ የለውም።

ማንጠግቦሽን ከልጅነቷ አውቃታለሁ። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከመንገዱ በታች ባለው እርሻዋ ላይ በሁለት በሬዎቿ አራሽ ቀጥራ ታሳርሳለች፤ ከማንም ጋር በሬ አጣምራ መቀናጆ አልገባችም። ነገሯ አጭር ነው። አንዴ አይሆንም ካለች አገር ቢለምናት አይሆንም።

ጠመንጃው የአባቷ የአቶ ይግዛው ነው። በወጣትነታቸው ቆቅ ሊያድን የመጣ አንድ ፈረንጅን በበቅሎ ወደ ስሜን ተራራ፣ ጊች አውጥተው መልሰውት፣ ሲሄድ በስጦታ የተወላቸው ባለ ሁለት አፍ ነው። በእኛ አገር ጠመንጃ ማለት ምንሽር ነው፤ ካልሆነም ክላሽ። ባለ ሁለት አፉን ሰው ሁሉ “የቆቅ ጠመንጃ” እያለ ያሾፍበት ነበር። አቶ ይግዛው ግን ግድ አልነበራቸውም፤ ዘወትር ከጎናቸው አይለዩትም።

እሳቸው በሞቱ በአርባኛው ቀን ጠመንጃው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በክር ተሰፍቶ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ዘንድ በአደራ ተቀመጠ። ወንድሟ ዘመነ መተማ ሰሊጥ ነጋዴ ዘንድ ይሠራል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የመጣው ለቀብሩና ለሙት ዓመቱ ብቻ ነው። ሙት ዓመቱ በወጣ ማግሥት ሽማግሌዎች ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀመጡ። ደንባችን ይህ ነው፤ ለሁለት የማይከፈል ዕቃ ይገመታል፣ የፈለገው ወራሽ የግምቱን ግማሽ ለሌላው ሰጥቶ ዕቃውን ይወስዳል። ቅድሚያው የታላቅ ነው፤ ታላቋ እሷ ነች።

“እኔ እወስደዋለሁ” አለች ማንጠግቦሽ። “አባቴ ከሞተ ወዲህ ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ድንበሬን ገፍቷል። ሲሞትም ጠመንጃውን በእጄ ነው ያስያዘኝ።”

ዘመነ ሳቀ። ስልኩን አወጣና ከሰባት ዓመት በፊት በሠርጉ ቀን የተነሣውን ፎቶ ለሽማግሌዎቹ አዞረላቸው። ጠመንጃውን ታቅፎ ቆሟል፤ ከምላጩ በላይ ባለው ብረት ላይ የተቀረጹ ሁለት ቆቆችና ከሥራቸው የፈረንጅ ፊደል ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ደባርቅ ላይ ባርናባስ የሚባለው አስጎብኚ ይህንኑ ፎቶ አይቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ እንዲህ ያለው አሮጌ ጠመንጃ በውጭ አገር የቤት መሥሪያ ዋጋ ያወጣል ብሎታል። ሽማግሌዎቹ የባሕር ማዶውን ወሬ ቀናንሰው፣ ተከራክረው፣ አራት በሬ አሉ።

ግማሹ ሁለት በሬ ነው። ማንጠግቦሽ ያላት ሁለት በሬ ነው። ከፍላ ብትወስደው ጾሙን የሚያድር መሬት ታቅፋ ትቀራለች፤ ባትከፍል ዘመነ ወስዶ መተማ ላይ በክላሽ ይለውጠዋል። ይህንንም ሳይደብቅ ተናግሯል። የገመቱት ሰዎች ሁሉ ያዩት ፎቶውን እንጂ ጠመንጃውን እንዳልሆነ እኔ አላስተዋልኩም። እሷ ግን አስተውላለች።

“የሚያውቅ ሰው ሳያየው አልቀበልም” አለች። “ጎንደር ልውሰደው።”

“ትውሰደው!” አለ ዘመነ። “ባለሙያ ቢጨምርበት እንጂ አይቀንስበት። ክሩን ግን ባለሙያው ፊት ካልሆነ እንዳትፈታው፤ መምህር አብረዋት ይሂዱ።”

ስለዚህ በማግሥቱ እኔ ባለ ጡረታው ጠመንጃ አጃቢ ሆኜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ኬላ ላይ ፈታሹ ጥቅሉን ነካ ነካ አድርጎ ምንድን ነው ሲላት፣ “የአባቴ ነው፤ ፈቃዱም ይኸው” ብላ ወረቀቱን ዘረጋችለት። ከዚያ እስከ ጎንደር አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ወሬ ስወድ ለምን ከዚህች ሴት ጋር ተላክሁ እያልኩ ተበሳጨሁ።

ወልደ ሩፋኤል ከገበያው ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ጠመንጃ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ጠመንጃውን አጥፈው ከፈቱና አፈሙዞቹን ወደ መስኮቱ አቅንተው አጮለቁ፤ ምላጮቹን ሞከሩ፤ ሰደፉን በጣታቸው አንኳኩ።

“ጤነኛ ነው” አሉ። “በየጊዜው ዘይት ሲቀባ የኖረ ነው።” ከዚያ ጎኑን ገለበጡት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ፊታቸው ተለወጠ። “እዚህ ላይ ቅርጽ ነበረ። ከሥሩም የሠሪው ስም። የጠመንጃ ዘሩ የሚቆጠረው በእሱ ነው እኮ! አሁን ማን ሠራው ብዬ ለማን ልናገር? ስሙ ቢኖር አራት በሬም አምስትም በሉ፤ አልከራከርም። እንዲህ ሆኖ አንድ በሬ ነው። ይህን ብረት የሞረደ ሰው ሦስት በሬ ሞርዷል። የትኛው ደንቆሮ ነው?”

“እኔ ነኝ” አለች ማንጠግቦሽ።

ሽማግሌው አፈሩ፤ እኔ ደነገጥኩ፤ እሷ ቆማ መልሰው እስኪጠቀልሉት ጠበቀች። ግምታቸውን በወረቀት ጻፉልን።

ስንመለስ አውቶቡሱ ኮሶዬ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ወርደን ከገደሉ አፋፍ ተቀመጥን። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግምቱ አንድ በሬ ሆነ ማለት እኮ ሁለቱም በሬዎቿ ተረፉ ማለት ነው። ፊቷ ግን የሐዘንተኛ ነበር።

“አባቴ በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት አያይም ነበር” አለችኝ።

“ዓይናቸው ደከም ማለቱንማ ሁላችንም እናውቃለን።”

“ደከም አይደለም መምህር፤ ድፍን ጨለማ ነው። ክንዴን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ለፍቅር ይመስላችሁ ነበር።” ነጠላዋን ሰበሰበች። “ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲዳስስ ይውላል። አንድ ቀን ጣቱ ቆቆቹ ላይ ደረሰና ‘ዝጓል፣ ፈግፊው’ አለኝ። አልዛገም አባቴ፣ ቆቆቹ ናቸው አልኩት። የገዛ ጠመንጃውን ጣቱ እንደሳተው ገባው። ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ሁለተኛ ዝጓል ሲለኝ ግን እሺ አልኩ። በአመድ ፈገፈግሁት፤ አሁንም ይሻክራል አለ። በአሸዋ አሸሁት፤ አሁንም ይሻክራል አለ። በመጨረሻ ሞረድ ተውሼ ሞረድኩት። ሲለሰልስለት ‘እሰይ፣ ዳነ!’ ብሎ መረቀኝ። ለእኔ ጌጥ ነበር እንጂ ዋጋው እሱ ላይ ነው ብዬ መች አሰብኩ?”

አልዋሽም፤ እንባዬ መጣ።

“ይህንን ነው ለሽማግሌ የምትነግሪው” አልኳት።

“አባቴ ቃል አስገብቶኛል። ‘ዘመነ እንዳይሰማ፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል’ ብሎ።”

እኔ ብልህ ነኝ ባይ፣ ወዲያው መላ ዘየድኩ። “እንግዲያው ዝገት በላው በያቸው። ሆድ ይፍጀው። የወልደ ሩፋኤል ወረቀት አለ፤ ማን ይጠይቅሻል?”

ተቆጣችኝ። ሽማግሌ ነው ብላም አልማረችኝ። “እርስዎ መምህር አይደሉም? በቅሎ የሚሸጥ ሰው እንኳ ትራገጣለች፣ ትደነብራለች ብሎ ነውሯን ይናገራል። ነውሩን ደብቄ የወሰድኩትን ነገር ቤቴ ሰቅዬ አላድርም። ቃሌን ማፍረሴ ነው፤ ንስሐዬን እወስዳለሁ።” ተነሥታ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ጠመንጃው እንደተጠቀለለ መሐል ተቀመጠ። መሪጌታ ገብረ ኪዳን እንደ ደንቡ፣ “ከመገመቱ በፊት ነውር ያወቀ ይናገር” አሉ።

“አለበት፣ መሪጌታ” አለች ማንጠግቦሽ ብድግ ብላ። “ቆቆቹም ስሙም የሉም። አባቴ ሳይሞት በሞረድ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።”

ጨርቁ ተፈታ። ብረቱ እንደ መዳፍ ለስልሷል። ዘመነ ከተቀመጠበት ተፈናጠረ።

“አያችሁልኝ? ዋጋውን ለማርከስ ነው! አባቴ አልጋ ላይ ሳለ ለዛሬው ስትዘጋጅ ኖራለች!”

የልቡን ተናግሮ ሲጨርስ፣ ኮሶዬ ላይ የነገረችኝን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አላለቀሰችም። አመዱን፣ አሸዋውን፣ ሞረዱን፣ ምርቃቱን ነገረቻቸው። እኔ ብዕሬን አስቀምጬ መሬት መሬት አየሁ።

“ውሸት ነው!” አለ ዘመነ። “አባቴ ያይ ነበር! በየእሑዱ ስደውልለት ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ‘ዛሬ የስሜን ተራራ ጥርት ብሏል፣ ጫፉን በረዶ ነክቶታል፤ ገብሱም ቢጫ ጀምሯል’ ይለኝ ነበር። ዕውር ሰው እንዲህ ይላል?”

“ስልኩ በቀኝ ጆሮው ነበር” አለችው። “በግራው እኔ ነበርኩ።”

ዘመነ ተቀምጦበት ወደነበረው ድንጋይ ተመልሶ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። መሪጌታ የወልደ ሩፋኤልን ወረቀት አስነበቡኝ፤ ሽማግሌዎቹም ሳይከራከሩ አንድ በሬ ብለው ቆረጡ።

“ትውሰደው” አለ ዘመነ ከጋቢው ሥር። “ግማሹን አልፈልግም።”

“አይሆንም” አለች። “እንዲሁ ከወሰድኩት ያንተ ምጽዋት ይሆናል። ነገ ተነሥቶ ማንም ሰው የወንድሟ ነው እንዲለኝ አልፈልግም። ጊደሬን ሸጬ የግማሽ በሬህን ዋጋ እሰጥሃለሁ። ይጻፍልኝ፣ መምህር።”

ሽማግሌዎቹ ግማሹ ይቅር ብለው ለመኗት። እሷ ዘንድ ልመና እንደማይሠራ ነግሬያችኋለሁ። ጻፍኩ። ማንጠግቦሽ በአውራ ጣቷ ቀለም ነክታ አተመች። ፈቃዱም በስሟ እንዲዞር ለወረዳው የሚቀርበውን ማመልከቻ በዚያው ጻፍኩላት።

ብዕሩን ለዘመነ ሰጠሁት። ያዘው፤ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ፤ ግን አልፈረመም።

“እታለም” አለ ቀና ሳይል። “ያ በረዶ... እውነት ነበር?”

“የቱ?”

“ተራራውን የነካው። ገብሱም። እሱ የነገረኝ ሁሉ።”

“እውነት ነው” አለች። “ጉም ሲሆን ጉም ነው ያልኩት፤ ሲጠራ ጠራ ነው ያልኩት። ከዝገቱ በቀር አባታችንን ዋሽቼው አላውቅም።”

ዘመነ ፈረመ።