ከፍ ያለ ጣሪያ ፍለጋ

ሰው ከቤቱ የሚወጣው ዘመድ ለመጠየቅ፣ ዕቃ ለማምጣት ወይም ለመሳለም ነው። እኔ በዚያ ቅዳሜ የወጣሁት ጣሪያ ፍለጋ ነው። ጣሪያው የሚያስፈልገው ደግሞ ለእኔ ሳይሆን በግቢያችን ጓሮ ክፍል ለተከራየችው ለጃናይና ነበር።

ጃናይና ብራዚላዊት ናት። ሪትሚክ ጂምናስቲክ በሚባለው ስፖርት ትወዳደራለች፤ ምንጣፍ ላይ በሙዚቃ እየተንቀሳቀሱ ኳስ ወይም ሪባን ሽቅብ ወርውሮ መቅለብ ነው። ጆሃንስበርግ የመጣችው የአንድ ክለብ ልጆችን ለጥቂት ሳምንት ልታሠለጥን ነበር። ከዚያ አዲሱ የኮሮና ዓይነት እዚህ ተገኘ ተባለ፤ አገሮች ሁሉ በራቸውን ዘጉብን፤ የእሷም አገር ዘጋ። ክለቡም አዳራሹን ቆለፈ። ልጅቱ ከአንዲት ሻንጣና ከአንዲት ኳስ ጋር ሜይፌር ውስጥ ጎረቤቴ ሆና ቀረች።

በአገሯ የብሔራዊ ቡድን ምርጫ ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት በአካል መገኘት ያልቻለች ቪዲዮ መላክ ትችላለች ተብሏል፤ የመላኪያው ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ቅዳሜ ማታ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው። ምንጣፍ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ አንድ ካሜራ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቆረጠ ነገር ካለበት አይቀበሉትም። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው። «በእኛ ስፖርት አሮጊት ነኝ፤ ይህ ካመለጠኝ ሌላ የለኝም» ስትለኝ ሳቅኩ፤ ከዚያ ፊቷን አየሁና ሳቄን ዋጥኩት።

እኔ ባኪ በሚሏት ትንሽ የጭነት መኪናዬ ታውንሺፕ በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ላሉ ሱቆች ዘይትና ዱቄት የማከፋፍል ሴት ነኝ። የጂምናስቲክ ሀ ሁ አላውቅም። የዚህን ከተማ መጋዘንና አዳራሽ ግን እንደ ጓዳዬ አውቃለሁ፤ ስለዚህ «ተነሺ» አልኳት።

ፎርድስበርግ

መጀመሪያ የሄድነው ፎርድስበርግ፣ ሐሰን ወደሚባል ምንጣፍ ነጋዴ ደንበኛዬ ዘንድ ነው። መንገዱ ላይ ማስክ የሚሸጡት ከሳምቡሳ ሻጮቹ በልጠዋል። ሐሰን በመጋዘኑ ኋላ በኩል ጥቅል ምንጣፎቹን ገፋፍቶ ቦታ አበጀልን። ጃናይና ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ኳሷን ወረወረች። ኳሷ ከመብራቱ ጋር ተላተመች፤ አቧራው በሦስታችንም ላይ ወረደ።

ሐሰን ራሱን እያራገፈ፣ «ጣሪያ የለኝም፤ ምንጣፍ ግን አለኝ» አለ። ግራጫ ምንጣፍ ባኪው ላይ ጫነልን። «ሰናይት፣ ዘይትሽ እንዳይነካው» አለኝ ብቻ። በዚያ ክፉ ዘመን ሰው ከሰው እየሸሸ ሳለ ምንጣፉን የሚያውስ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

አሌክሳንድራ

ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ስንጓዝ ጃናይና ማውራት ጀመረች። ሁለታችንም እንግሊዝኛችን የተሰባበረ ስለሆነ አንዳችን የጎደለውን ሌላዋ እየሞላች ነው የተግባባነው። እናቷ የአንድ ማዘጋጃ ቤት ስፖርት አዳራሽ የምታጸዳ ሴት ነበረች። ልጇን የምታስቀምጥበት ስታጣ ከጂምናስቲክ ልጆቹ ጋር አስቀመጠቻት። ጃናይና ኳስ ለመያዝ ዕድሜዋ ሳይደርስ አያያዙን ታውቅ ነበር፤ የሌሎቹን ልጆች የወደቀ ኳስ እየሮጠች ታመጣ ነበርና።

«አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ በአገር ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣሁ። በሚቀጥለው ዓመት ለቡድኑ ተመረጥኩ። አምስት ሆነን አብረን እንተኛ፣ አብረን እንበላ ነበር፤ ልደታችንን እንኳ አዳራሽ ውስጥ ነው ያከበርነው» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጉልበቴ።»

ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጠባሳው ከላይ እስከ ታች የወረደ ነው። ሐኪሞቹ አበቃልሽ ብለዋት ነበር። እሷ ግን ሁለት ዓመት እንደ ሕፃን እርምጃ ተምራ ተመለሰች፤ ልክ በተመለሰችበት ወቅት ኮሮና መጣና ዓለም ሁሉ አዳራሹን ዘጋ። በዝግ ከተማ፣ በእናቷ ሳሎን ውስጥ፣ ኳሷን ሳትወረውር መወርወርን ትለማመድ ነበር። እጇን ሽቅብ ትሰዳለች፣ ትጠብቃለች፣ ያልተወረወረውን ትቀልባለች። ይህን ስትነግረኝ መኪናውን አፈጠንኩት።

አሌክሳንድራ ውስጥ የማውቀው ሰፊ የሕዝብ አዳራሽ አለ። ስንደርስ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ እስከ ታክሲ ማዞሪያው ደርሷል። አዳራሹ የክትባት ጣቢያ ሆኗል። በሩ ላይ የቆሙት አዛውንት «ሳውቦና፣ ማማ» ብለው ሰላም አሉን። ጉዳያችንን ስነግራቸው በጨዋነት አዳመጡኝና፣ «እዚህ ሰው ሊተርፍ ነው የተሰለፈው፤ ለጭፈራ ላስወጣው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከመንገድ ዳር በሃያ አምስት ራንድ ኮታ ገዛሁ፤ ዳቦ ተቦርቡሮ ድንች ጥብስና ቋሊማ የሚሞላበት ምግብ ነው። ጃናይና ድንቹን ብቻ ለቅማ በላች። ዓይኗ የመኪናው ሰዓት ላይ ነበር።

ያኔ ነው ጋሽ ኤርምያስ ትዝ ያሉኝ። ክሊፕታውን ውስጥ ከሆሳዕና ከተማ የመጡ ልጆች መጋዘን ተከራይተው የጸሎት አዳራሽ አድርገውታል፤ እሳቸው ሽማግሌው ናቸው። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ዘይት ባወረድኩ ቁጥር እንቀላለዳለን። ደወልኩላቸው።

«ለቅሶ ነበረብን፤ ግን ሦስተኛው ቀን አልፏል። አዳራሹ ባዶ ነው፣ ነይ» አሉኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ማን እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ ሳልጠይቅ ስልኩን ዘጋሁ።

ክሊፕታውን

ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተማውን ሰንጥቀን ሶዌቶ ስንገባ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቁሯል። የጆሃንስበርግ ዝናብ በበጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣም ሁሉም ያውቃል። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ የቲማቲምና የአሮጌ ልብስ ሻጮቹን አልፈን፣ ከመጋዘኑ ፊት አቆምኩ። ጃናይና ገና ከመኪናው ሳትወርድ በተከፈተው በር የቆርቆሮውን ጣሪያ አየችና «ይህ ነው» አለች። እኔ ያየሁት ከጣሪያው በታች ያለውን ነው። ሰው ተራርቆ፣ ማስክ አድርጎ፣ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጧል። ለቅሶው አልተነሣም።

ጋሽ ኤርምያስ ወጥተው እጃቸውን አፋተጉ። ሟቹ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ባለቤት ነበር፤ ደም ግፊት ነው የጣለው። ሬሳው አገር ቤት ሊሄድ ወረቀቱ አላለቀም። ሬሳ ሳይሸኝ ለቅሶ እንደማይነሣ እሳቸው ያውቃሉ፤ ነገር ግን ትናንት ማታ ይሄዳል ተብለው ነበርና የሄደ መስሏቸው ነው ቃል የገቡልኝ። አስከሬኑ እንደቀረ የተሰማው ከደወልኩላቸው በኋላ ነው፤ ሰዉም ተመልሶ ተቀመጠ። «ምን ብዬ ልደውልልሽ፤ አፈርኩ» አሉ።

እኔም አፈርኩ። ገባሁና ለሟቹ ሚስት ለአስቴር «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ተቀመጥኩ። ፊቷ ደርቋል፤ ያለቀሰ ፊት እንባ ሲያልቅበት እንደዚያ ነው። እሷው ጀመረች።

«አገር ቤት ያሉት የባሌ ወንድሞች ምን አሉ መሰለሽ? በቅጡ እንኳ አልተለቀሰለትም አሉ። ኮሮና ሰው እንዳይሰበሰብ ከልክሎ እንደሆነ አያውቁም። እንደ ውሻ ጣልሽው አሉኝ።» ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ኳስ ያቀፈችውን ልጅ አየች። «ይህቺስ ምን ፈልጋ ነው?»

መዋሸት አልሆነልኝም። ሁሉንም ነገርኳት። እሷም አገሯ ለመግባት አውሮፕላን የምትጠብቅ መሆኗን፣ ማታ ጊዜዋ እንደሚያልፍ፣ ሙዚቃ የግድ እንደሆነ።

ጋሽ ኤርምያስ «ዘፈን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ቃል የለውም፤ ፒያኖ ብቻ ነው» አልኩ።

«ቃል ባይኖረውም ለቅሶ ቤት ነው፤ የጸሎት ቤት ነው» አሉ።

አስቴር ልጅቱን ትኩር ብላ አየቻት። «ለቅሶ ላይ ሙዚቃ አይከፈትም። እኛ ውጭ ከተቀመጥን ግን ለቅሶው ያለው ውጭ ነው። አንዴ ትሥራ» አለች። አንዴ የሚለውን በጣቷ አሳየቻት። ተነሥታ ወንበሯን ራሷ ያዘች። እሷ ስትወጣ ሰዉ ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹም፣ ወንበር ወንበራቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ።

ምንጣፉን ዘረጋን። ስልኳን በተደራረቡ ወንበሮች ላይ አቁሜ ቀረጻውን ጀመርኩ። ጃናይና እስክትጀምር ድረስ የሚያብለጨልጨውን የውድድር ልብሷን በእኔ ነጠላ ሸፍናው ነበር፤ ሐዘንተኛ ፊት ማብለጭለጭ ነውር መሆኑን ማንም አልነገራትም። ፒያኖው ተከፈተ።

ስለዚያ እንቅስቃሴ የምለው ብዙ የለኝም። ኳሷ ክንዷ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ ትንከባለላለች፤ ጠባሳ ባለበት እግሯ ብቻ ቆመች። ኳሷን ወረወረች፤ ከጣሪያው ጫፍ ደረሰች፤ ልጅቱ ሳታያት ተንከባለለችና ከኋላዋ ቀለበቻት። የቀረው የመጨረሻው ውርወራ ነበር፤ ወረወረች። ያኔ ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን መታው። እጇ ስንዝር ያህል ቀደመ። ኳሷ ከጣቷ ነጥራ፣ በተከፈተው በር ወጥታ፣ አስቴር እግር ሥር ቆመች። ሙዚቃው ሲያልቅ ጃናይና ባዶ እጇን ሽቅብ ዘርግታ ቆማለች።

አስቴር ኳሷን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አቀፈቻትና ከበሩ «ድገሚ በያት» አለችኝ። ነገርኳት።

ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ትላልቅ ጠብታዎች መውረድ ጀመሩ። ከሽማግሌዎቹ አንድም የተነሣ የለም፤ ቃላቸውን ሰጥተዋልና። ጃናይና ወደ ምንጣፉ አየች፤ ወደ ግቢው አየች። የሚያስፈልጋት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጥታ የጋሽ ኤርምያስን ክንድ ያዘች። በሌላ እጇ ወንበራቸውን አነሣች። ሌላም ወንበር አመጣች፤ ሌላም። ዝናቡ በረዶ ሆኖ ሲወርድ ሁሉም ገብቷል። ቆርቆሮው እስከ ምሽት እየጮኸ ሌላ ቀረጻ የማይታሰብ ነበር።

አስቴር እንደገና ማልቀስ ቻለች። ሰዉ ተከትሏት አለቀሰ፤ ጋሽ ኤርምያስ ጸለዩ። ጃናይና ነጠላዬን ለብሳ በሐሰን ምንጣፍ ላይ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ አለች። ሻይና ዳቦ ሲዞር ተቀበለች። ስልኩን ያስታወስኩት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ ያኔም ይቀርጽ ነበር።

መመለስ

ሜይፌር ስንገባ መንገዱ ታጥቦ ነበር። ጃናይና ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ቪዲዮውን እንዳለ ላከችው፤ ደንቡ አትቁረጡ ይላልና አልቆረጠችውም። የወደቀችው ኳስ፣ ባዶው እጅ፣ ዝናቡ፣ የገቡት ወንበሮች፣ ለቅሶው፣ ሁሉም አለበት። «ሥራዬ በዚህ አበቃ» አለችኝ። አላጽናናኋትም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የተመረጡት ስም ሲወጣ የእሷ አልነበረበትም። ሬሳው ተሸኘ፤ ቆይቶ የእሷም አገር በሩን ከፈተ። አሁን እናቷ ታጸዳው በነበረው አዳራሽ ሕፃናትን ታሠለጥናለች። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር ለቅሶ መድረስ አገርና ቋንቋ እንደማይጠይቅ ነው፤ ይህንንም ያስተማረችኝ ከማዶ የመጣች ልጅ ናት።

በሚቀጥለው ወር ለአስቴር ሱቅ ዘይት ሳወርድ ጃናይና ወደ ስልኬ የላከችልኝን ያንን ቪዲዮ ጠየቀችኝ። የልጅቱን ጨዋታ ብቻ ቆርጬ ልልክላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«አትቁረጪው» አለች። «ለባሌ ወንድሞች ነው የምልከው። እንደተለቀሰለት ይዩ።»