ፊታውራሪው ለምን ሞተ

ከጎንደር ወደ አይሁድ አገር መጥተን ቂርያት ጋት ከተማ በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ወንድሜ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። ያኔ እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ ስምንት። የቴክኒሻን ኮርስ ይማር ነበርና መምህሩ ሊጥሉት የነበረውን አሮጌ ማሽን “ፈታተህ ተማርበት” ብለው ሰጡት። አልፈታታውም። ውስጡ አንድ ጨዋታ አገኘ።

እኔ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምሠራው። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ጨዋታው የሚያወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ያለ እኔ አይሆንለትም ነበር። እኔ የማላውቀውን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ አነብለታለሁ፤ እሱ ይዋጋል።

አምስት ሰዎች አገራቸውን ጭራቅ ወርሮባቸው፣ ከተራራው ወዲያ ወዳለ ምሽግ ይሄዳሉ። መሪያቸው ሽበታም ጦረኛ ነው። ሁልጊዜ ከፊት ስለሚሄድ “ፊታውራሪው” አልነው። ብዙ አይናገርም። ሌሎቹ ሲጣሉ ዝም ብሎ ይሰማና “እንሂድ” ይላል። ሁለት ወር ያህል አብረነው ሄድን። ፋብሪካ ሆኜ እጅጌ ስገጥም እንኳ ዛሬ የት ይደርስ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

አንድ ሐሙስ ፊታውራሪው ሞተ። ጭራቆቹ ምሽጉ ደጃፍ ካለው ድልድይ ላይ ከኋላ ደረሱባቸው። እሱ መሃል ላይ ቆሞ ሲመክት አራቱ ተሻገሩ፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ምክትሉም የምሽጉን በር ዘጋ። ከሥዕሉ ሥር “ወደቀ” የሚል ተጻፈ። ወንድሜ ደግሞ ሞከረ። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፊታውራሪው ሞተ።

“ምክትሉ ነው ያስገደለው” አለ ወንድሜ። “በሩን ቶሎ ዘጋበት። ትንሽ ቢጠብቀው ይደርስ ነበር።”

“አይደርስም። ጫካው ውስጥ ቆስሎ ነበር እኮ። እንዴት ቀስ እያለ እንደሚሄድ አላየህም?”

“ቆስሎ ከነበረ መድኃኒቱስ? አንድ ጠርሙስ ቀርቶን አልነበር?”

ከዚያ በፊት ወንድሜ ውሃ ሊጠጣ ሲነሣ፣ ሳላማክረው፣ የመጨረሻዋን ጠርሙስ ከአምስቱ አንዷ ለሆነችው ቀስተኛ ሴት ሰጥቼ ነበር።

“ልትሞት ነበር” አልኩት።

“እንግዲያ የገደልሽው አንቺ ነሽ!”

አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። እዚህ አገር ከገቡ ወዲህ ሥራ አላገኙም፤ በመስኮት ሲያዩ ነው የሚውሉት። ድንገት ሲናገሩ ሁለታችንም ደነገጥን።

“ማንን ነው የገደለችው?”

“ሰው አይደለም አባየ፤ ጨዋታ ነው” አለ ወንድሜ። “አንድ የጦር መሪ ነው።”

ተነሥተው ከኋላችን መጥተው ቆሙ። “እስቲ አሳዩኝ።”

ወንድሜ እንደገና ድልድዩ ላይ አደረሰው። አባየ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ይጠይቁን ጀመር። የቀረው ታዞ ነው ወይስ በራሱ ፈቃድ? ሲወድቅ በዓይኑ ያየ አለ? ሬሳውን ማን አነሣው?

ጨዋታው ሬሳ አያሳይም።

እናቴ ሳሙና በእጇ እንዳለ ከኩሽና ወጣች።

“ለዚህ ሥዕል ይህን ያህል ትጨቃጨቃላችሁ” አለች። “ስለ ልጄስ አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?”

ታላቅ ወንድማችንን ማለቷ ነው። ጎንደር ገበያ ውሎ ሲመለስ በአፈሳ ተወስዶ ወታደር ሆነ። “የጓድ መሪ አደረጉኝ” ብሎ አንድ ጊዜ ጻፈልን። እኛ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ መርዶው መጣ። ለቅሶአችንን ሳንጨርስ ተሳፈሩ ተባልን። እዚህ ከመጣን በኋላ ስሙ በቤታችን አይነሣም ነበር። አባየ ከመርዶው ሌላ የሚያውቁት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባየ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“መርዶውን ያመጣው ሰው ‘የቆሰለ ጓደኛውን ሊያነሣ ተመልሶ ነው’ አለኝ። ሌላው ‘ሲያፈገፍጉ የገዛ አዛዡ ተኩሶበት ነው’ አለኝ። ሦስተኛው ‘በበሽታ ነው’ አለ። የቱን ልንገራችሁ? የቱን ነግሬ የቱን ልተው?”

“ሦስቱንም ሊነግሩኝ ይገባ ነበር” አለች እናቴ። “የወለድኩት እኔ ነኝ።”

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ለብዙ ጊዜ አልከፈትነውም። ወንድሜ አንድ ቀን ከኮርስ ሲመለስ “ጓደኞቼን ጠየቅኋቸው” አለኝ። “ሁሉም ሰው ጋ ይሞታል። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች እንዲሞት ብለው ነው የሠሩት። መድኃኒቱን ብትሰጪውም ያው ነበር።” ይቅርታ መጠየቁ ነበር። ግን ቀለል አላለኝም።

አባየ በበኩላቸው ምኩራብ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ መጠየቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ከልጃቸው ጋር በአንድ ክፍለ ጦር የነበረ ሰው ቤርሼባ አጠገብ፣ ተጎታች ቤቶች በተደረደሩበት የካራቫን ሰፈር አለ ተባሉ። መንገድ ለመጠየቅ ዕብራይስጡን ከእሳቸው የተሻለ ስለምችል ይዘውኝ ሄዱ። ሰውየው ገና ወጣት ነበር፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። አባየ ከኮታቸው ኪስ የታላቅ ወንድሜን ፎቶ አውጥተው ሰጡት። ወደ ብርሃኑ አዙሮ ረጅም ጊዜ አየው።

“የማውቀው ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም አባቴ” አለ። “ያኔ ሁላችንም እንዲህ ነበርን። ከስተን፣ ጠቁረን።”

“ሲወድቅ አላየህም?”

“ያን ቀን ሁላችንም ሮጥን። ማን እንደ ወደቀ ዞሬ አላየሁም። ልዋሽዎት አልችልም።”

አባየ መረቁት። እሱ ግን ምርቃቱን ሲቀበል ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። አባየ ፎቶውን ኪሳቸው ሳይመልሱ፣ በዝናቡም ውስጥ በእጃቸው እንደ ያዙት ቂርያት ጋት ደረስን።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። የአባየን ፊት አየች። ፎቶውን ከእጃቸው ተቀብላ፣ የዝናቡን ጠብታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ስሙ ይነሣል፤ ሲነሣም እናለቅሳለን። እንዴት እንደ ሞተ ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም። አባየም ሳያውቁ አረፉ።