ቦጂያና ሁለተኛው ጉርሻ

ሰበታ ላይ፣ በጅማ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነው ቦጂያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አልሰለቸውም፤ በየት በኩል ነው የሚያስወጣው? የውስጥ ጎማውን ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ አረፋው የሚነሣበትን ያያል፤ አለቀ።

ከፋሲካ በኋላ ተጂ ከተማ ለግብዣ ተጠራ። የሴት ልጁ አማት እትዬ ተረፈች ቡጢ የሚያህል የዶሮ ጉርሻ ጠቀለሉለት።

«በሞቴ!»

ጎረሰ። ሲውጠው ስለታም ነገር ደረቱ ላይ ቆመ። አጥንት ነበር። ግን የዘመድ ጉርሻ እንዴት ይተፋል? ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«አንድማ ያጣላል!» አሉ እትዬ ተረፈች።

ቦጂያም ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይገፋልኛል ብሎ አፉን ከፈተ። ገፋለት፤ የምግብ ቧንቧውን በስቶ።

በማግስቱ አተኮሰው፤ ምራቁን መዋጥ አቃተው፤ አንገቱ አበጠ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚስቱ ወርቅቱ ቅቤ አሙቃ «ና ልሽህ፣ አንተ ሰው» አለችው። እሱ ግን አንገቱን በጣቱ ሲጫን ከቆዳው ሥር አንዳች ነገር ተንኮሻኮሸ። ደግሞ ተጫነ።

«ወርቅቱ፣ ተዪው። ውስጤ ተበስቷል፤ አየር ያስወጣል።»

«ሰው ጎማ ነው እንዴ?»

«እኔስ ምን አውቃለሁ? ሐኪሞች ይዩልኝ።»

አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ቀዶ ሐኪሟ ሄመን የደረቱን ምስል አሳየችው።

«ያኔውኑ ቢመጡ መስፋት ይበቃ ነበር። አሁን ጠርዙ ተበላሽቷል፤ ክር ብቻውን አይዝም። ደረትዎን ከፍተን መግሉን እናጥባለን፤ በሰፋነው ላይ ከጎድን አጥንቶችዎ መሃል የምናነሣውን ሥጋ እንደርባለን።»

«ከራሴ ሥጋ? በምን ይጣበቃል?»

«ደም ያለው ሥጋ ስለሆነ ራሱ ይይዛል። ላይይዝም ይችላል፤ የሚሞት ሰውም አለ።»

ቦጂያ የስምምነቱን ወረቀት ፈረመ። እሱስ የለጠፈው ሁሉ መች ያዘ?

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምግቡ ሆዱ ላይ በገባ ቱቦ ሆነ። በዐሥረኛው ቀን ሰማያዊ ውሃ አጠጡት፤ ከደረቱ የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ ሰማያዊ ካሳየ ቀዳዳው አልተዘጋም ማለት ነው። ቦጂያ ዓይኑን ከቱቦው አልነቀለም። ቀጭን ሰማያዊ መስመር ብቅ አለች።

«ያፈስሳል» አለ፣ ሐኪሟን ቀድሞ።

«ትንሽ ናት። ሥጋው ይዝጋት፤ እንጠብቅ።»

ጎማ ተለጥፎ ሲጠበቅ ራሱን እንደማይዘጋ ያውቃል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት የጠበቀው በፍርሃት ብቻ ሳይሆን በመገረምም ነበር። ሰማያዊውን ውሃ ዳግም ጠጣ። ቱቦው ጥርት እንዳለ ዋለ።

እትዬ ተረፈች አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ መግባት አፍረው። ቦጂያ ጠራቸው። አንድ ማንኪያ አጎረሱት። ዋጠ፤ ወደ ውስጥ ሲወርድ እያዳመጠ ቆየ። ከዚያ አፉን መልሶ ከፈተ።

«ምነው እትዬ፣ አንድማ ያጣላል!»