ጉልበቴና የቢቸና በረዶ

በቅሎ በበዓል ቀን ይጋለባል፤ ቢስክሌት ግን አይነዳም። ይህን ሕግ ማን እንደደነገገው እስከ ዛሬ አላውቅም። በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩትም፤ በየትኛውም ስብከት አልሰማሁትም። ቢቸና ላይ ግን ተፈርዶብኛል። ያ ሁሉ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ንጉሡም አልፈዋል፣ የፈረዱብኝ ሽማግሌዎችም አልፈዋል። እኔ ግን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የጀመረው ሞጣ ነው። በአስተማሪነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የተዋስኳት በቅሎ ደንብራ ጣለችኝና ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረልኝ። እሱን አልወቅሰውም፤ አጥንቱን አሳምሮ ነው የገጠመው። ነገር ግን ወራት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ የከረመው ጉልበቴ ደርቆ ቀረ። ማሰሪያው ሲፈታ እግሬን እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ አገኘሁት።

የሞጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢውና መርፌ ወጊው፣ ወዳጄ ነበር። ከሐረር ተመድቦ የመጣ፣ ሳቂታ፣ በሥራው ላይ ግን ቀልድ የማያውቅ እስላም ነው። ጉልበቴን ይዞ ሊያጥፈው ሲሞክር ጩኸቴን ለቀቅሁት።

«ስማ፣» አለኝ፣ «ለዚህ የምሰጥህ ክኒን የለኝም። ኤክሰርሳይዝ ነው መድኃኒቱ። መራመድ ብቻውን ጉልበት አያሳጥፍም። ቢስክሌት ፈልግና በየቀኑ ንዳ። አንድ ዓመት ሙሉ! ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ደከመኝ የሚባል ነገር የለም። ለአንድ ወር ካቆምክ ይደርቃል። ሁለተኛ ከደረቀ ደግሞ እኔ ጋ እንዳትመጣ።»

እግዜር ሲያግዘኝ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ቢስክሌቱን ተወልኝ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ደወሏ የሚሰማ ነበረች። በዚያው ሰሞን ወደ ቢቸና ተዛወርኩ። ቢስክሌቷን በጭነት መኪና ላይ አሳስሬ ኅዳር ላይ ገባሁና ጠላ ሸጠው ከሚተዳደሩ አንዲት ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። እማማ ነበር የምላቸው። በእኔና በእሳቸው መካከል የነበረው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ሲያስነጥሳቸው «ይማርዎ» የምለው ከአልጋዬ ሳልነሣ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መንዳት ለማለት ይከብደኛል። ቀኝ እግሬ ፔዳሉን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ላይ ይቆማል። ወደፊት ግማሽ ዙር፣ ወደ ኋላ ግማሽ ዙር፣ አጥሩን ተደግፌ፣ እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ፔዳሉ ሙሉ ዙር ዞረ። በደስታ ስጮህ የእማማ ዶሮዎች ተበታተኑ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማለዳ፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ በደጀን በኩል ባለው የጠጠር መንገድ እስከ አንዲት ትንሽ ድልድይ ደርሼ እመለሳለሁ። በታኅሣሥ ውርጭ ጣቶቼ መሪውን አልጨብጥ ሲሉኝ ካልሲ እጄ ላይ አጠለቅሁ። በሁዳዴ ጾም በባዶ ሆድ ነዳሁ፤ ዳገቱ ላይ ዓይኔ ሲጨልም ወርጄ ቁጭ እልና እንደገና እወጣለሁ። በመጋቢት አቧራ ጥርሴ መሀል አሸዋ አኘክሁ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ከቤት እስከ ጠጠሩ መንገድ ያለው ጥቁር አፈር ጎማውን እንደ ሊጥ ይይዘዋል። ስለዚህ ቢስክሌቷን ትከሻዬ ላይ አወጣና ጭቃውን በእግሬ እሻገራለሁ፤ መንገዱ ጋ ስደርስ ጭቃውን በእንጨት ፍቄ እነዳለሁ። ለዚሁ ብዬ አንዲት የወይራ ስንጣሪ ከኋላ አስሬ እዞር ነበር።

«አስተማሪው ዛሬም አዝሏት ወጣ!» ይላሉ ወተት ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች። «እሱ ነው የሚነዳት ወይስ እሷ ናት የምትጋልበው?»

ይሳቁ። ሳቃቸው አያናድደኝም ነበር፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምክንያቱም ጉልበቴ መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ይህን ያወቅሁት በስግደት ነው። በዚያ ዓመት በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሰው ሁሉ ወድቆ ሲነሣ፣ እኔ ግራ እግሬን አጥፌ፣ ቀኙን የታጠፈልኝን ያህል አጥፌ፣ በሁለት እጄ መሬት ነካሁ። ግንባሬ አልደረሰም። አንድ ክንድ ያህል ቀረው። የሚቀጥለው ስቅለት ግንባሬ መሬት እንደሚነካ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሰኔ ላይ ሞጣ ሄጄ ለድሬሰሩ ሳሳየው ጉልበቴን እንደ በር ከፈት ዘጋ እያደረገ፣ «አራት ወር፣ ቢበዛ አምስት ቢቀርህ ነው። እንዳታቆም ብቻ!» አለኝ።

ያስጠነቀቁኝ የአጥቢያው ዳኛ ናቸው። በክረምቱ አጋማሽ፣ በሚካኤል ዕለት፣ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው መንገድ ላይ አገኙኝ።

«አንተ አስተማሪ፣ ዛሬ በዓል መሆኑን አላወቅህም?»

«አውቃለሁ አባቴ፤ እርስዎም እየጋለቡ ነው።»

«እኔ ቁጭ ብያለሁ፤ የምትሄደው በቅሎዋ ናት። አንተ ግን በገዛ እግርህ እያሽከረከርክ ነው። መፍተልም ማሽከርከር ነው፣ መፍጨትም ማሽከርከር ነው። ሴቶቻችን በበዓል እንዝርት አይነኩም፤ አንተ ከነሱ በምን ትለያለህ?»

የሚያበሽቀኝ ደግሞ አነጋገራቸው የሚያሳምን መሆኑ ነው። ስለ ጉልበቴ አስረዳኋቸው። ሰሙኝ፤ «እግዜር ይማርህ» አሉኝ፤ «በበዓል ግን ተው» ብለው አለፉ። እስቲ ቁጠሩልኝ፦ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ፤ ቅዳሜና እሑድ ሳይጨመሩ። ይህ ሁሉ ከወሩ ተቀንሶ ለእኔ ጉልበት ምን ይተርፈዋል? እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ጾሜን ጿሚ፣ ቅዳሴዬን አስቀዳሽ ነኝ። ፈጣሪ በሕመምተኛ እግር እንቅስቃሴ ይቀየመኛል ብዬ ግን አላመንኩም፤ ዛሬም አላምንም። ስለዚህ መንዳቴን ቀጠልኩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በማርያም ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ከግድግዳው ማዶ የወፍጮ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። እማማ ቀስ ብለው፣ እየቆሙ፣ እያዳመጡ ብቅል ይፈጫሉ። ለማግስቱ ገበያ የሚሆነው ጠላ ደርሷል፤ ለቀጣዩ ሳምንት ግን ያን ዕለት ካልጠነሰሱ የሚበሉት የላቸውም። ተነሥቼ ቢስክሌቴን ይዤ ወጣሁ።

ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። ማሸት የጀመረው ስንዴና ጤፍ መሬት ላይ ተኛ። ማሳው ከመንገዴ ዳር የነበረ አንድ ገበሬ፣ ማለዳ ማለዳ «እንደምን አደርክ» የሚለኝ ሰው፣ አንድ እፍኝ የተቀጠቀጠ ጤፍ ይዞ ማሳው መሀል ቆሞ አየሁት። አላለቀሰም፤ መዳፉን ያያል። በሱ አልቆጣም። በዚያ ቀን ለደረሰበት ነገር ምክንያት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል?

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። ዱሮ ጥፋተኛው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም ያገሩ ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። የፈረስ ሌባ የሚፈለገው እንዲህ ነው። በዚያ ቀን የተፈለገው ግን በዓል ሽሮ በረዶውን ያመጣብን ሰው ነበር። ከጠዋት ጀምረን ሾላው ሥር ተቀመጥን። ፀሐይዋ ከረረች። ሕፃናት አለቀሱ። ገበያው ፈረሰ፤ የእማማ ጠላ እቤት ተቀምጦ ቀረ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ «እኔ ትናንት ጎሕ ሲቀድ የወፍጮ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ከታችኛው ሰፈር ነው» አሉ። ታችኛው ሰፈር የእኛ ሰፈር ነው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ብድግ አሉ።

«እኔ በሰው ላይ መናገር አልወድም፤ ግን ምን ያደናግራችኋል? ትናንት በእናታችን ቀን ይኼ ልጅ ያንን ጎማ ሲያሽከረክር ያላየ ሰው አለ?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ዳኛው ግን ፍርድ አዋቂ ነኝ ባይ ናቸውና አልቸኮሉም። «አስተማሪ፣» አሉኝ፣ «ቢስክሌቱን ነድተሃል፤ እሱን አይተናል። ወፍጮውስ? ከሳቸው የሚለይህ አንድ ግድግዳ ነው። ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?»

አንድ ቃል ነበረች። «ሰምቻለሁ» ብል ቁጣው ሁሉ ወደሳቸው ይዞር ነበር። ከዚያ በኋላ የእሳቸውን ጠላ የሚቀምስ፣ ከማኅበር የሚያስጠጋቸው፣ ሲሞቱ የሚቀብራቸው አይገኝም። እኔ ደሞዝ አለኝ፤ ነገ ወደ ሌላ አገር እዛወራለሁ። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሰብኩ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያየሁት ነጠላቸውን መልሰው አፋቸው ላይ ሲያደርጉ ብቻ ነው።

«አልሰማሁም» አልኩ።

ቢስክሌቴ አዝመራው ገብቶ እስኪያልቅ በዳኛው ጎተራ ሥር እንድትቆለፍ ተፈረደ። ስለ ጉልበቴ ለመንኩ፤ በበዓል አልነዳም፣ በሥራ ቀን ብቻ ፍቀዱልኝ አልኩ። «አንዴ ረክሳለች» ተባልኩ። ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ፤ «ካገሬው ጋር አትጋጭብኝ» ብሎ ሸኘኝ። ማታ እማማ አንድ ጣሳ ጠላ በሬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እኔም አልጠጣሁትም።

ጥቅምት ላይ ሁለተኛ በረዶ ወረደ። ይህን አጥብቄ መጻፍ እፈልጋለሁ፦ ቢስክሌቷ ጎተራ ሥር ተቆልፋ፣ ቁልፉ በዳኛው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ በረዶ ወረደ! በዚያ ቀን አውጫጭኝ አልተጠራም። ሾላው ሥር የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ይቅርታ ያለኝም ሰው አልነበረም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ከእህሉ ትራቅ ብለው ቢስክሌቷን ከጎተራው ሥር አውጥተው የከብቶች በረት ውስጥ መጣል ብቻ ነው።

ማለዳ ማለዳ በእግሬ ሄድኩ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ የአሸዋ ከረጢት በቁርጭምጭሚቴ አንሥቼ ጣልኩ። በየሳምንቱ ጉልበቴ ከመዳፌ ሥር እየተቆለፈ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። ጥር ላይ ቢስክሌቷን ሲመልሱልኝ ጎማዋን አይጥ በልቶት፣ ሰንሰለቷ ዝጎ ነበር። ጠግኜ ወጣሁባት። ቀኝ እግሬ ፔዳሉን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ኅዳር፣ መንገድ ላይ ቆመ።

ሞጣ ሄድኩ። ድሬሰሩ ጉልበቴን ዳሰሰ፣ ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ። ፊቱ ጠቆረ።

«ማነው ያስቆመህ?»

ነገርኩት። የወፍጮውንም ነገር ለሱ ብቻ ነገርኩት። እጁን ታጥቦ አደረቀና ፎጣውን ወንበሩ ላይ ወረወረው። «ለሷ ብለህ እግርህን ሰጠህ፤ እሷ ታውቃለች?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «በቃ፣ ከእንግዲህ የምረዳህ የለኝም» አለና በረንዳ ድረስ ደግፎ ሸኘኝ።

ያን ዓመት ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቃል የገባሁበት ስቅለት ነበር። ሰዉ ሁሉ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ዳኛው ላባቸው እየፈሰሰ ይሰግዳሉ። እኔ ዋንዛው ሥር መቋሚያ ተደግፌ ቆምኩ፤ ቀኑን ሙሉ ቆምኩ። ማታ ስንበተን እማማ በር ላይ ጠበቁኝ። ግንባራቸው ላይ አፈር ነበረ፤ እሱን ሳይጠርጉ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እንደ እናት ልንገርህ። ሰው አይቶሃል። ሌላው ቢቀር ለስቅለት እንኳ ጉልበትህን ብታጥፍ ምን አለበት?»

«አይታጠፍልኝም እማማ» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁ። «ኩራት ነው» አሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።