ጠብታዋን የዋጠው ድምር

ለሥራ ወደ ጀርመን ለመሄድ ከእንጅባራ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ፣ አመሻሹ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ባጃጁ ሻንጣዬን ጭኖ ውሃ በያዘው መንገድ እየተንገጫገጨ ወደ አባቴ ቤት ሲያደርሰኝ፣ ኮምፒውተር ያስተማርኳቸው ልጆች በስልክ «ቲቸር፣ እንዳይረሱን» ይሉኛል፤ እኔም እየሳቅሁ እያለቀስሁ እሺ እላለሁ። አባቴ ሙሉነህ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ጀርመን ብርድ ነው ይላሉ» አሉኝ።

«እንጅባራ ያደገች ሴት ብርድ ያስፈራታል እንዴ አባዬ?»

ልትመጡ ያሰባችሁ ሁሉ ስሙኝ፦ ያስፈራል። የኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህኛው በጠራራ ፀሐይ ፊት ለፊት ቆሞ ይነክሳል።

ጀርመን በደረስኩ በመጀመሪያው ሳምንት የነዋሪዎች ምዝገባ ክፍል ገባሁ።

«የቤተሰብ ስም?» አለኝ ሰውየው።

«እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሴ ስም ገነት ነው፣ ሙሉነህ የአባቴ ነው።»

«ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም አለው። ወይዘሮ ሙሉነህ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

በዚያች ደቂቃ አባቴን ሆንኩ።

የተቀጠርኩበት ድርጅት በበሽተኛ ክንድ መድኃኒት ጠብ ጠብ እያደረገ የሚሰጥ ትንሽ ፓምፕ ይሠራል። በውስጡ ያለችው ኮምፒውተር ደካማ ናት። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ ለማስላት ከሒሳብ ላይብረሪው፣ ማለትም ከተዘጋጁ ስሌቶች ስብስብ፣ ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝም የሚባሉትን ደጋግማ ትጠራለች። የላይብረሪው ስሌቶች ትክክለኞች ናቸው፤ ነገር ግን ዝግተኞች ናቸው፣ ባትሪም ይጨርሳሉ። የኔ ሥራ እነሱን አውጥቼ በፈጣኖች መተካት ነበር፤ እንደ ቦታው አንዳንዱን በሠላሳ ሁለት ቢት፣ አንዳንዱን በአሥራ ስድስት ቢት። ቢቱ ሲያንስ ቁጥሩ የሚይዘው አሃዝ ያንሳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። አልዋሻችሁም፣ ሥራውን ወደድኩት። ለኤክስፖኔንሻሉ አንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ ፖሊኖሚያል ከሚባል አጭር ቀመር ጋር አጣምሬ ስሠራለት በረረ።

ከዚያ አለቃዬ ማርቲን፣ እስካሁን የተሰጠውን መድኃኒት የሚደምረው ክፍል ሳይቀር ሁሉም በአሥራ ስድስት ቢት ይሁን አለ። አደረግሁና ሞከርኩት። አሥራ ስድስት ቢት ሦስት አሃዝ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ድምሩ ስድስት መቶ ከደረሰ በኋላ ሁለት አሥረኛ ብትጨምሩበት ያው ስድስት መቶ ይላችኋል። እንደገና ጨምሩ፤ ስድስት መቶ። መድኃኒቱ ይወርዳል፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ልኩ ሲሞላ ማቆም ያለበት ፓምፕ ልኩ መሙላቱን አያውቅም ማለት ነው።

የሙከራውን ውጤት በወረቀት አትሜ ማርቲን ጋ ሄድኩ።

«ድምሩን ብቻ በሠላሳ ሁለት እንተወው» አልኩት። «ፍጥነቱ ብዙም አይቀንስም።»

«ለደንበኛው ሁሉም በአሥራ ስድስት ነው ብለናል።»

«ሰው ይሞታል እኮ!»

«አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ ሕክምናውን ለሐኪሞቹ ተዪላቸው። ቀረብ ካለ ይበቃል።» ከዚያ ፈገግ አለና «የመኖሪያ ፈቃድሽ የሚታደሰው መቼ ነበር?» አለኝ።

ፈረምኩ። «ተፈትሿል፣ ደህና ነው» የሚለው ወረቀት ላይ የአባቴ ስም ታትሞ፣ ከሥሩ ፈረምኩ። ማርቲንን ተጸየፍኩት፤ እስክሪብቶ የያዘችውን እጄን ግን የባሰ። ሽንት ቤት ገብቼ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፣ አልለቀቀኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አከራዬ፣ አንዲት ባልቴት፣ ጓንት አጥልቀው የቆሻሻ ከረጢቴን ደረጃው ላይ ዘርግፈው አገኘኋቸው። አንድ የሻይ ከረጢት በጣታቸው አንጠልጥለዋል።

«ቅጠሉ በቡናማው በርሜል፣ ወረቀቱ በሰማያዊው፣ ይህቺ ማያያዣ ሽቦ ደግሞ ለብቻዋ!»

«እማማ፣ እሷ እኮ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም።»

«ትንሽ ብትሆንም ትክክል መሆን አለበት፣ ወይዘሮ ሙሉነህ። እዚህ አገር በግምት አይሠራም።»

እዚያው ደረጃው ላይ ሳቄ ገነፈለ። ለሻይ ከረጢት ሽቦ የሚጨነቅ አገር ለበሽተኛ ደም «ቀረብ ካለ ይበቃል» ሲል! ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ፊርማዬን ማንሳቴን ለድርጅቱ ጻፍኩ። ማንም ሊያስኬደው የሚችል ሙከራም አብሬ አያያዝኩና የሕክምና ዕቃ ለሚፈትሸው መሥሪያ ቤት ደወልኩ።

«አቤቱታ ነው ወይስ ጥቆማ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ፓምፑ ሰው ሊገድል ነው።»

«እንግዲያው ጥቆማ ነው። ቅጹ ሌላ ነው።»

ቅጹን ሞልቼ ከሙከራው ጋር ላክሁላቸው። የእውነት ነገር ልናገር፣ ሙከራውን ራሳቸው አስኬዱትና ፓምፑ አንድም በሽተኛ ጋ ሳይደርስ አስቆሙት። ድምሩም ወደ ሠላሳ ሁለት ቢት ተመለሰ፤ እኔ ባልኩት መንገድ፣ በሌላ ሰው ስም። እኔን ድርጅቱ «መተማመን ጠፍቷል» ብሎ አሰናበተኝ። አብረውኝ ምሳ ይበሉ የነበሩት ዕቃዬን ይዤ ስወጣ ኮሪደር ላይ ስልካቸውን እያዩ አለፉኝ።

አሁን ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ድንች እለያለሁ። የታጠበ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሲበሉት ሳሙና ሳሙና የሚል ድንች። አገር ቤት ከአዘና ገበያ አፈር እንደለበሰ ገዝተን የምንቀቅለውን ሳስብ አፌ ውሃ ይሞላል። የፈቃዴ ጉዳይ ገና አልተወሰነም፤ «ይጠብቁ» የሚል ደብዳቤ ይመጣልኛል።

ባለፈው እሑድ ለአባቴ ደወልኩ። ስለ መጋዘኑ አልነገርኳቸውም። ድንቹ መተከሉን፣ የቀርከሃው አጥር መታደሱን ነገሩኝ።

«የጎረቤታችን ልጅ ትዕግስት ኮምፒውተር ተመርቃለች፤ አንቺ ጋ ልምጣ ትላለች» አሉኝ። «ምን ልበላት?»

«አባዬ፣ እሱን ሌላ ጊዜ ብናወራው…»

«ይኸው አጠገቤ ናት። ራስሽ ንገሪያት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማሁት። «እትዬ ገነት» አለችኝ፤ «ሰው ሁሉ የሚነግረኝ የሚያምረውን ነው። አንቺ ያለውን ንገሪኝ።»

«ድምፅሽ አይሰማኝም፣ ተቆራረጠ» ልላት ፈለግሁ። ኔትወርኩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኛል፤ እየጠበቀችኝ ነው።