ጥቁሯ ነጥብ ደም ብትሆንስ?

ሥራዋ ሰውን «እንዳትንቀሳቀስ» ማለት ነው፤ እሷ ግን አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አይሆንላትም። የኤምአርአይ ክፍል ባልደረቦቿ «ቁንጥንጥ» የሚሏት ለዚህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያሳየው ማሽን የበሽተኛ ምስል ስታነሳ ኖራ፣ ካቻምና ደግሞ ከሰዓት በኋላ አይጦች ተጨመሩላት።

አይጦቹ የአንድ ተመራማሪ ዶክተር ናቸው፤ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ተጎድተዋል። ዶክተሩ፣ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችሉት ግንድ ሕዋሳት የሚለቋቸውን፣ በዓይን የማይታዩ ከረጢቶች ማግኔት የሚስበው የብረት ብናኝ ያሸክማቸውና በመርፌ ለአይጦቹ ይሰጣል፤ ተስፋው ከረጢቶቹ ቁስሉን ፈልገው እንዲጠግኑት ነው። ብረት ያለበት ቦታ ምስሉ ላይ ይጠቁራል፤ ከረጢቶቹ የት እንደገቡ የሚታወቀው በዚያ ነው።

አንድ ቀን ልክ ቁስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ታየች።

«ደረሱ! ፈልገው አገኙት!» ብሎ ዶክተሩ ከመቀመጫው ዘለለ።

ቁንጥንጥም ደስታዋን መያዝ አቅቷት፣ ቤት እንደገባች ለእናቷ ነገረች። እናቷ አንጎላቸው ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

«እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ ለእኔ መቼ ይደርሳል?» አሏት።

ጥያቄያቸው ልቧን ሰቅዞ ያዛት። እራት ላይ ሳህን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። የፈሰሰ ደምም እኮ ሲቆይ ብረት ይተዋል፤ ምስል ላይ ይጠቁራል። ስንት በሽተኛ ላይ አይታዋለች! ያቺ ነጥብ የቁስሉ የራሱ ደም ብትሆንስ?

ጠዋት ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ዶክተሩ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ ከመርፌው በፊት አይጦቹን አንስተናቸዋል እንዴ?»

«አላነሳናቸውም። ምነው?»

«ቁስል እያላቸው ምንም ያልተሰጣቸውን ስድስቱን አይጦች ዛሬ ላንሳቸው።»

«የምርምር ጽሑፉ ለመጽሔት ዓርብ ይላካል እኮ! አንቺ ደግሞ ነገር ፍለጋ!»

«ነገሩ እኛን ከሚፈልገን እኛ ብንፈልገው ይሻላል።»

እያጉረመረመ ፈቀደላት። ከስድስቱ በአራቱ ላይ ያችው ነጥብ ቁጭ ብላ ተገኘች። የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ። ተነስቶ ወጣ፤ ዓርብም ጽሑፉ ሳይላክ ቀረ።

ለእናቷስ ምን ትበል? ሦስት ቀን ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ተመላለሰች። በአራተኛው፣ «እማዬ፣ ቸኩዬ ነው የነገርኩሽ። መድኃኒቱ ገና ነው» አለቻቸው።

«ይህን ለመናገር ነው ስትብሰለሰዪ የከረምሽው?» አሉ እናቷ፣ በግራ እጃቸው ወደ አጠገባቸው እየሳቧት። «እኔ እንደሆንኩ መጠበቅ ለምጃለሁ።»

ሥራው ከሀ ተጀመረ። አሁን እያንዳንዷ አይጥ ከመርፌው በፊትም በኋላም ትነሳለች፤ ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ይታያሉ። አምስት ወር ፈጀ። ከአሥሩ አይጦች በሦስቱ፣ በፊት ያልነበረ ጥቁረት ቁስሉ ዳር ላይ ወጣ።

«ሦስት ብቻ?» አለ ዶክተሩ።

«ሦስት ብቻ። እነዚህ ግን አስቀድሞ የነበረ ደም አይደሉም።»

ዶክተሩ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «እስቲ የቀሩትን የሰባቱን ምስል ክፈቺልኝ፤ የነሱ ከረጢቶች የት ገብተው ቀሩ?» አላት።